ጥሎ ማለፍ ደካማውን ቡድን አያነሣውም፦ ስለ ሀርሊንግ ሻምፒዮና ለወጣ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

የአየርላንድ ሀርሊንግ ሻምፒዮና ለደካማ ቡድኖች ጀርባውን ሰጥቷል የሚል ጽሑፍ ወጥቷል። ጽሑፉ አምስት ነገር ይላል። እስከ 1996 የነበረው ንጹሕ ጥሎ ማለፍ ለትንንሾቹ ዕድል ይሰጥ ነበር፤ በ2018 የመጣው የዙር ውድድር ግን ኃያላኑን ይጠብቃል፤ ሁለተኛው እርከን የሆነው የጆ ማክዶና ዋንጫና ከእሱ በታች ያሉት ዋንጫዎች ደካሞቹን አጥረው ስለሚያስቀሩ ሁሉም ካውንቲ (የአየርላንድ አውራጃ) በአንድ ውድድር መሰለፍ አለበት፤ የማክዶና ፍጻሜ ተጋጣሚዎች ከትልልቆቹ ጋር የሚገናኙበት የሩብ ፍጻሜ ማጣሪያ ውርደት ብቻ ነው፤ በመጨረሻም ዋናው ሻምፒዮና የሚካሄድባቸው ሁለቱ ክፍለ ሀገራት፣ መንስተርና ሌንስተር፣ በእኩል ዓይን አይታዩም። አምስተኛውን እንቀበላለን፤ እንዲያውም ጸሐፊው በቂ አልሄዱበትም። አራቱ ግን የውድድሩ አሠራር ሲፈተሽ አይቆሙም። ሦስተኛውና አራተኛው ደግሞ እርስ በርሳቸው ይጣላሉ።

ጨዋታውን ላላየ አንባቢ የሚቀርበው ማነጻጸሪያ የእኛው ገና ነው፤ ዱላና ሩር። በሀርሊንግ ግን ኳሷ በእጅ ትያዛለች፣ በአየር ላይ ትመታለች፣ በዱላ ጫፍ ላይ ተደርጋም ይሮጥባታል። በአንድ ወገን 15 ተጫዋች ይሰለፋል፤ በካውንቲዎች ዋና ሻምፒዮና ጨዋታው 70 ደቂቃ ነው። ከአግዳሚው በታች መረብ ውስጥ የገባች ጎል 3 ትቆጠራለች፤ ከአግዳሚው በላይ በሁለቱ ቋሚዎች መካከል ያለፈች 1። ይህችን ባለ አንድ ከሠንጠረዥ ነጥብ ለመለየት ፖይንት እንበላት። 1-22 ሲባል አንድ ጎልና 22 ፖይንት፣ በድምሩ 25 ማለት ነው። ዓመታቱ፣ ወሮቹና ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የውጤቱ ብዛት ለክርክራችን ትርጉም አለው። በእግር ኳስ ደካማው 90 ደቂቃ ተከላክሎ በአንድ ማእዘን ምት 1 ለ 0 ሊያሸንፍ ይችላል። በሀርሊንግ ግን ሁለቱ ቡድኖች በአንድ ጨዋታ 50 ጊዜና ከዚያ በላይ ሊያስቆጥሩ ይችላሉ። ብዙ ሲቆጠር የአንድ አጋጣሚ ክብደት ይቀንሳል፣ የተሻለው ቡድንም አብዛኛውን ጊዜ ያሸንፋል። ጸሐፊው ከእግር ኳስ ዋንጫዎች የወሰዱት «አንድ ጨዋታ ስለሆነ ምንም ሊፈጠር ይችላል» የሚለው ስሌት እዚህ በግማሽ ኃይሉ ነው የሚሠራው።

የመጀመሪያውን ነጥብ እንይ። ኦፋሊ በ1994፣ ክሌር በ1995፣ ዌክስፎርድ በ1996 ዋንጫውን ወስደዋል፤ ይህ እውነት ነው፤ ያን ጊዜ የሚናፍቅ ሰው አይፈረድበትም። ነገር ግን ክሌር ከ1995 በፊት ያሸነፈችው በ1914 ነበር። 81 ዓመት የጠበቀችው በዚያው በሚወደሰው ጥሎ ማለፍ ውስጥ ነው። ጎልዌይ ከ1923 እስከ 1980፣ ሊመሪክ ከ1940 እስከ 1973 ደጅ ጠንተዋል። ከ1887 ጀምሮ ዋንጫውን ያነሡት 12 የአየርላንድ ካውንቲዎችና በ1901 ያሸነፈችው ለንደን ብቻ ናቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ያሸነፈ አዲስ ካውንቲ የታየው በ1981 ነው፤ ኦፋሊ። እስከ 2025 ኪልኬኒ 36፣ ኮርክ 30፣ ቲፐራሪ 29 ጊዜ ወስደዋል። የዚህ ክምር ትልቁ ክፍል የተሰበሰበው አንድ ሽንፈት ከውድድር በሚያስወጣበት ዘመን ነው።

ኦፋሊን የጥሎ ማለፍ ልጅ አድርጎ ማቅረብም ሙሉ ሥዕሉን አያሳይም። ከ1997 ጀምሮ በመንስተርና በሌንስተር ፍጻሜ የተሸነፉት ቡድኖች በሩብ ፍጻሜ እንደገና እንዲገቡ ተፈቀደ። በዓመቱ፣ በ1998፣ ኦፋሊ በሌንስተር ፍጻሜ በኪልኬኒ ተሸንፋ በዚህ የኋላ በር ተመለሰች። ከክሌር ጋር ባደረጉት የግማሽ ፍጻሜ ድጋሚ ጨዋታ ዳኛው ሰዓቱ ሳይሞላ ፊሽካ ነፉ፤ የኦፋሊ ደጋፊዎች ክሮክ ፓርክ ሜዳ ላይ ተቀመጡ፤ ሦስተኛ ጨዋታ ታዘዘ፤ ኦፋሊ አሸነፈች፣ በፍጻሜም ያንኑ ኪልኬኒን ረታች። በጥሎ ማለፉ ሕግ ቢሆን የዚያ ዓመት ጉዞዋ በሌንስተር ፍጻሜ ያከትም ነበር።

ከ1999 እስከ 2012 ያሉትን 14 ዋንጫዎች ኮርክ፣ ኪልኬኒና ቲፐራሪ ብቻ ተከፋፍለዋቸዋል፤ ጸሐፊው ለዚህ ተጠያቂው የኋላው በር ነው ይላሉ። በከፊል ልክ ናቸው። ኮርክ በ2004፣ ቲፐራሪ በ2010 በክፍለ ሀገራቸው ተሸንፈው ሳለ ዋንጫውን ወስደዋል። ሆኖም ከ2006 እስከ 2009 በተከታታይ አራት ጊዜ ያሸነፈችው ኪልኬኒ በእነዚያ ዓመታት በሻምፒዮናው አንድም ጨዋታ አልተሸነፈችም። የማይሸነፍን ቡድን ጥሎ ማለፍ አይጥለውም።

የ1989ኟ አንትሪምም በጽሑፉ ተነሥታለች። ከአልስተር ክፍለ ሀገር ወጥታ በግማሽ ፍጻሜ ኦፋሊን አሸንፋ ለፍጻሜ ደረሰች፤ ትልቅ ቀን ነበር። በፍጻሜው ቲፐራሪ 4-24 ለ 3-9 ረታቻት፤ በ18 ልዩነት። ከዚያ ወዲህ አንትሪም ፍጻሜ አልደረሰችም። አንድ ታላቅ ቀን በማግስቱ የሚቀጥል ጨዋታ ከሌለው ቡድን አይሠራም። በጥሎ ማለፍ ዘመን አንድ ካውንቲ ክረምቱን ሙሉ ተለማምዶ በግንቦት 70 ደቂቃ ተጫውቶ ሊበተን ይችል ነበር። አሠልጣኙ የአዲስ ተከላካዩን ስሕተት በሻምፒዮና ፍጥነት የሚያርምበት ሁለተኛ ጨዋታ በዓመቱ አልነበረውም።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ እንለፍ። እዚህ ላይ ጸሐፊው ሁለት የተለያዩ ሥርዓቶችን አንድ አድርገዋቸዋል። ከ2002 እስከ 2017 የነበረው የማጣሪያ መንገድ በክፍለ ሀገሩ የተሸነፈውን ቡድን በሌላ በር የሚያስገባ ነበር፤ እሱ በእርግጥ ለኃያላን ጋሻ ነበር። በ2018 የመጣው ግን ሌላ ነው። በየክፍለ ሀገሩ አምስት ቡድኖች፣ በኋላ በሌንስተር ስድስት፣ ሁሉም ከሁሉም አንድ ጊዜ ይጫወታሉ። ማሸነፍ 2 ነጥብ፣ አቻ 1። ሁለቱ መሪዎች የክፍለ ሀገሩን ፍጻሜ ይጫወታሉ፣ ሦስተኛው እስከ 2025 በሩብ ፍጻሜ ማጣሪያ በኩል ይቀጥል ነበር። አራተኛውና ከእሱ በታች ያሉት ስማቸው ምንም ይሁን ምን ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ፤ መመለሻ በር የላቸውም።

ይህ ኃያላኑን ጠብቋልን? የ2017 ሻምፒዮንና የ2018 ፍጻሜ ተጋጣሚ ጎልዌይ በ2019 ከሌንስተር ዙር አልወጣችም። ዌክስፎርድ፣ ኪልኬኒ፣ ደብሊንና ጎልዌይ አራቱም በ5 ነጥብ እኩል ሆኑ፤ ሁለት ቡድን እኩል ሲሆን የሚታየው እርስ በርስ ያደረጉት ጨዋታ ነው፣ ሦስትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ ግን የአጠቃላይ ውጤት ልዩነት ይቆጠራል፤ ጎልዌይ በዚያ ወደቀች። በ2024 ሻምፒዮን የሆነችው ክሌር በ2025 በመንስተር ዙር ቀረች። ቲፐራሪ በ2018 አንድም ሳታሸንፍ ወጣች። የ2023ቱን የመንስተር ሠንጠረዥ ከላይ ወደ ታች ብናነበው ክሌር 6፣ ሊመሪክ 5፣ ቲፐራሪ 4፣ ኮርክ 3፣ ዋተርፎርድ 2 ነጥብ ነው። አንደኛውን ከመጨረሻው የለዩት 4 ነጥቦች ናቸው። ኮርክ በሊመሪክም በክሌርም በአንድ በአንድ ፖይንት ተሸንፋ ነው የቀረችው።

አሁን በቁጥር እናስላው። ደካማው ቡድን ጠንካራውን ከአራት ጨዋታ አንዱን ያሸንፋል እንበል። በጥሎ ማለፍ አንድ ዙር የማለፍ ዕድሉ 25 በመቶ ነው፤ ሦስት ተከታታይ ጨዋታ የማሸነፍ ዕድሉ ከ64 አንድ፣ ማለትም 1.6 በመቶ ገደማ። በአራት ጨዋታ ዙር ግን ቢያንስ አንዱን የማሸነፍ ዕድሉ 68 በመቶ ነው። ሁለትና ከዚያ በላይ የማሸነፍ ዕድሉ 26 በመቶ ሲሆን ሁለት ድል 4 ነጥብ ይሰጣል፤ በ2023 በመንስተር ሦስተኛ ለመሆን የበቃው ያው 4 ነጥብ ነው። ስለዚህ የማለፍ ዕድሉ አልተቀነሰበትም ማለት ይቻላል። በተጨማሪ አራት ጨዋታ ተረጋግጦለታል፤ ከአራቱም ሁለቱ በሜዳው፣ በደጋፊው ፊት ናቸው። ስሌቱ አራቱም ተጋጣሚዎች እኩል ጠንካራ ናቸው ብሎ የሚነሣ ነው፤ በተግባር አንዱ ደከም ያለ ስለሚሆን ዕድሉ ከዚህ ይሻላል።

ጸሐፊው ያላነሡት፣ ለእሳቸው ወገን ግን ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ዋተርፎርድ ነበረች። በ2017 በመንስተር በኮርክ ተሸንፋ በማጣሪያው በኩል እስከ ፍጻሜ ደረሰች። በወረርሽኙ ምክንያት የዙሩ ውድድር በቀረባቸው ሁለት ዓመታት ደግሞ በ2020 ለፍጻሜ፣ በ2021 ለግማሽ ፍጻሜ በቃች። ዙሩ በተካሄደባቸው በ2018፣ በ2019 እና ከ2022 እስከ 2025 ባሉት ዓመታት ግን አንድ ጊዜም ከመንስተር አልወጣችም። ይህ በአጋጣሚ ብቻ የሚነገር አይደለም። በአምስት ሳምንት ገደማ ውስጥ አራት ከባድ ጨዋታ የሚፈልገው 15 ምርጥ ተጫዋች ሳይሆን 24 ወይም 25 ዝግጁ ተጫዋች ነው። በሁለተኛው ጨዋታ የመሀል ተከላካዩ የጭኑ ጡንቻ ቢሳብ ሦስተኛውንም አራተኛውንም ሊያጣቸው ይችላል፤ ሊመሪክ ተተኪ አላት፣ ጠባብ ስብስብ ያለው ካውንቲ የለውም። በጥሎ ማለፍ ሥርዓት በጨዋታዎች መካከል የሳምንታት ክፍተት ስለነበረ ያው ጉዳት ይድን ነበር። ዋተርፎርድ በ2018 ሜዳዋ ስላልደረሰ ሁለቱን የሜዳዋን ጨዋታዎችም በሌሎች ካውንቲዎች ሜዳ ነው የተጫወተችው። እንግዲህ የዙሩ ውድድር የሚጎዳው አለ፤ ግን የሚጎዳው በጠንካሮች መካከል ያለውን አራተኛና አምስተኛ ቡድን ነው። ጽሑፉ የሚቆረቆርላቸው ካርሎና ዌስትሚዝ እዚያ ሠንጠረዥ ውስጥ አይደሉም።

እነሱ ያሉበትን ሦስተኛውን ነጥብ እንውሰድ። ከዋናው ሻምፒዮና በታች የጆ ማክዶና ዋንጫ አለ፤ በ2018 የተጀመረ ነው። ከእሱ በታች በ2005 የተጀመሩት የክሪስቲ ሪንግና የኒኪ ራካርድ ዋንጫዎች፣ ከዚያ በ2009 የመጣው የሎሪ ማር ዋንጫ ይከተላሉ። በየዓመቱ ከላይ የሚወርድ፣ ከታች የሚያድግ አለ። ጸሐፊው ይህን አጥር ይሉታል። አጥር ቢሆን ኖሮ ኦፋሊ አትወጣም ነበር። አራት ዋንጫ ያላት ካውንቲ በ2018 ከሌንስተር ወረደች፣ በ2019 ከማክዶናም ወርዳ ክሪስቲ ሪንግ ገባች። በ2021 ክሪስቲ ሪንግን፣ በ2024 ማክዶናን አሸነፈች፤ በ2025 ወደ ሌንስተር ተመልሳ ሳትወርድ ቀረች። በዚያው በ2024 ከ20 ዓመት በታች ቡድኗ የአየርላንድ ሻምፒዮን ሆኗል። በሀርሊንግ ተጫዋች አይገዛም፤ ተጫዋቾቹ ደመወዝ የማይከፈላቸው አማተሮች ናቸው፣ የሚሰለፉትም በመሠረቱ ለክለባቸው ካውንቲ ነው። ስለዚህ ካውንቲ የሚጠነክረው ልጆቹን በማሳደግ ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ አሥር ዓመት ይወስዳል። ለእነዚያ አሥር ዓመታት የሚያስፈልገው እየተፋለመ የሚማርበት ደረጃ ነው።

በ30 ልዩነት በሚያልቅ ጨዋታ ውስጥ ምን እንደሚሆን እናስብ። ደካማው ቡድን በመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች ሁለት ጎል ይገባበታል። አሠልጣኙ ከፊት መስመር አንድ ሰው አንሥቶ ከመሀል ተከላካዮቹ ኋላ ያቆመዋል። ፊት የቀሩት አምስቱ ስድስት ተከላካይ ይገጥማቸዋል፤ ግብ ጠባቂው የሚመልሰው ረጅም ምት ያ ትርፍ ሰው እጅ ይገባል፤ ኳሷ ተመልሳ ትመጣለች፤ የኋላው መስመር ይደክማል፤ ሦስተኛው ጎል ይገባል። በሁለተኛው አጋማሽ ለወጣቶቹ ዕድል ቢሰጣቸውም የሚማሩት ኳስ ማሳደድን ነው። በእኩዮች መካከል በሚደረግ የማክዶና ጨዋታ ግን በ68ኛው ደቂቃ ውጤቱ እኩል ሳለ የቅጣት ምት የሚመታው ልጅ እጁ ሳይንቀጠቀጥ መምታትን ይለማመዳል፤ አሠልጣኙም ተቀያሪ ማስገቢያውን ደቂቃ ይማራል። ሁሉንም ካውንቲ በአንድ ቋት ማስገባት ይህን ነው የሚነጥቃቸው።

ያደገ ሁሉ ወዲያው ይወርዳል የሚለው አባባልም መስተካከል አለበት። ካርሎ በ2019ም በ2024ም ባደገች በዓመቱ ወርዳለች፤ አንትሪምም በ2021። ሊሽ ግን ከ2020 እስከ 2022፣ ዌስትሚዝ ሁለት ዓመት፣ አንትሪም በሁለተኛው ዕድሏ ከ2023 እስከ 2025 ሦስት ዓመት ቆይተዋል። ካርሎ በ2024 ብትወርድም በዚያው ዓመት ከኪልኬኒ ጋር አቻ ወጥታለች። ዌስትሚዝ በ2023 በዌክስፎርድ ሜዳ ከ15 በላይ ተመርታ ተመልሳ 4-18 ለ 2-22 አሸንፋለች፤ ዌክስፎርድንም ለመውረድ ጫፍ አድርሳት ነበር። በጥሎ ማለፍ ከዚያ ጨዋታ በፊት ዌስትሚዝ ቤቷ በሆነች።

አራተኛው ነጥብ የሩብ ፍጻሜ ማጣሪያውን ይመለከታል። እስከ 2025 የማክዶና ሁለቱ የፍጻሜ ተጋጣሚዎች የመንስተርንና የሌንስተርን ሦስተኞች ይገጥሙ ነበር። ማጣሪያው ከ2018 እስከ 2025 በተካሄደባቸው ስድስት ዓመታት 12 ጨዋታ ተደርጎ ከታች የመጣው ያሸነፈው አንዱን ብቻ ነው፦ በ2019 ሊሽ ደብሊንን 1-22 ለ 0-23። በ2023 ቲፐራሪ ኦፋሊን በኦፋሊ ሜዳ 7-38 ለ 3-18 ደቁሳታለች፤ 59 ለ 27 ማለት ነው። ጸሐፊው በዚህ ውጤት ማጣሪያው ይሰረዝ ይላሉ። ታዲያ ኦፋሊ ቲፐራሪን በዓመት አንዴ መግጠሟ ውርደት ከሆነ፣ በሦስተኛው ነጥባቸው ሁሉም በአንድ ውድድር ይሰለፍ ሲሉ ይኸው ጨዋታ በየሳምንቱ እንዲደገም መጠየቃቸው ነው። ከሁለቱ አንዱን መተው አለባቸው።

ችግሩ ግን አለ፣ የተቀመጠውም በቀን መቁጠሪያው ላይ ነው። በ2019 ሊሽ ማክዶናን ያሸነፈችው ሰኔ 30 ቀን ሲሆን ደብሊንን የገጠመችው ከሳምንት በኋላ ሐምሌ 7 ነው። ለማክዶና ፍጻሜ ተጋጣሚዎች ያ ፍጻሜ የዓመቱ ግብ ነው፤ አካልም መንፈስም እዚያ ይራገፋል። አሸናፊው ሲደሰት ይሰነብታል፣ ተሸናፊው ደግሞ ዋንጫ ባጣ በሰባተኛው ቀን ከኮርክ ጋር ይፋለማል። ሦስተኛ የወጣው ኃያል ቡድን ግን ዐርፎ ይጠብቃል። ማጣሪያው ለኃያላኑ የበለጠ መጥቀሙንም መካድ አይቻልም። ሊመሪክ በ2018፣ ቲፐራሪ በ2025 በዚህ መንገድ አልፈው ሻምፒዮን ሆነዋል፣ ኮርክ በ2024 ለፍጻሜ ደርሳለች። ደብሊንም በ2025 በማጣሪያው ኪልዴርን አልፋ በሩብ ፍጻሜ አንድ ተጫዋቿ በቀይ ካርድ ወጥቶባት ሊመሪክን 2-24 ለ 0-28 ጥላለች። መፍትሔው የሁለት ሳምንት ዕረፍት መስጠትና ለዋንጫው ተሸናፊ ማጣሪያውን ግዴታ አለማድረግ ነው።

አምስተኛው ላይ ከጸሐፊው ጋር ነን። በሌንስተር የመጨረሻው በቀጥታ ይወርዳል። በመንስተር ግን የመጨረሻው አደጋ ላይ የሚወድቀው ከዋናው ሻምፒዮና ውጭ ያለችው የመንስተሯ ኬሪ ማክዶናን ካሸነፈች ብቻ ነው፤ ያን ጊዜም የመለያ ጨዋታ አለው። በ2018 ኦፋሊ ስትወርድ ከአራት ጨዋታ አንድ ነጥብ ብቻ ያገኘችው ዋተርፎርድ በቦታዋ ቆየች። ቲፐራሪ በ2022 አራቱንም ተሸንፋ፣ በ2024 ደግሞ በአንድ ነጥብ የመጨረሻ ሆና አልወረደችም፤ በ2025 ሻምፒዮን ሆነች። እንደገና ለመገንባት የቆየችበትን ጊዜ አንነፍጋትም። ያንኑ ጊዜ ዌስትሚዝ አላገኘችም፤ ዌክስፎርድን ባሸነፈችበት ዓመት ወረደች።

የሚቻለው ማስተካከያ ይህ ነው። ያደገ ቡድን ለሁለት ዓመት አይወርድም፤ ከዚያ በኋላ የሁለቱ ክፍለ ሀገራት የመጨረሻዎች በገለልተኛ ሜዳ ተጫውተው ተሸናፊው ይወርዳል። የመንስተር ቡድን ወርዶ የሌንስተር ቡድን ቢያድግ መንስተር አራት ቡድን ይቀራታል የሚል ተቃውሞ ይነሣል። የክፍለ ሀገር ድንበር ግን በሀርሊንግ ከዚህ በፊትም ተሻግሯል፤ የኮናክቷ ጎልዌይ ከ1959 እስከ 1969 በመንስተር ተጫውታለች፣ ከ2009 ጀምሮ በሌንስተር ነች፤ የአልስተሯ አንትሪምም በዚያው ዓመት ሌንስተር ገብታለች። ሊሽና ኦፋሊ ደግሞ ከቲፐራሪ ጋር ድንበርተኞች ናቸው፤ ለደጋፊዎቻቸው ከፖርትሊሽ ወይም ከተለሞር ወደ ቲፐራሪዋ ከተማ ተርልስ መሄድ ዌክስፎርድ ከመሄድ ይቀርባል።